አውራ ዶሮና የጓሮ ዶሮ እርባታ

አውራ ዶሮ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ዶሮ ነው። የጓሮ ዶሮ እርባታ ማለት ደግሞ አንድ ቤተሰብ ጥቂት ዶሮዎችን በመኖሪያ ግቢው ውስጥ አሰማርቶ፣ ከሚለቅሙት በተጨማሪ ትንሽ መኖ እየሰጠ የሚያረባበት ዘዴ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር አብዛኛው የዶሮ እርባታ የሚካሄደው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ሥራውን በአብዛኛው የሚመሩት ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ሴት ዶሮ ዕንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። ዕንቁላሉ ጫጩት እንዲሆን ግን አውራ የግድ ነው። በአንድ ግቢ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት አውራ ብቻ ስለሚኖር፣ የሚቀጥለው ትውልድ ግማሽ ውርስ የሚመጣው ከእነዚህ አንድ ወይም ሁለት ወፎች ነው። በሌላ በኩል በበዓል ሰሞን ቀድሞ ለገበያ የሚወጣው ትልቁና ያማረው አውራ ነው። ስለዚህ የትኛው አውራ ይሸጥ፣ የትኛው ለዘር ይቅር የሚለው ውሳኔ የመንጋውን የወደፊት ሁኔታ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

## ስያሜ

በአማርኛ «ዶሮ» ለሁለቱም ጾታ የሚያገለግል ስም ነው። ወንዱ «አውራ ዶሮ» ወይም በአጭሩ «አውራ»፣ ሴቷ «ሴት ዶሮ» ወይም «እናት ዶሮ»፣ ለመጣል የደረሰችው ወጣት «ቄብ»፣ ልጆቻቸው ደግሞ «ጫጩት» ይባላሉ። «አውራ» የሚለው ቃል «ዋና» ወይም «መሪ» የሚል ትርጉም ስላለው «አውራ ጣት» እና «አውራ ጎዳና» በሚሉት አነጋገሮችም ይገኛል።

ገበሬዎች የአገር ዶሮዎችን በላባቸው ቀለምና በመልካቸው ይለያሉ። ከተለመዱት መጠሪያዎች መካከል ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ እና አንገቱ ላባ የሌለው መላጣ ይገኛሉ። እነዚህ ስሞች መልክን እንጂ ራሱን የቻለ ዝርያን አያመለክቱም። ከአንዲት እናት አንድ ጊዜ የተፈለፈሉ ጫጩቶች የተለያየ ቀለም ሊኖራቸው ይችላል።

## ታሪክ

የቤት ዶሮ ሳይንሳዊ ስሙ ጋለስ ጋለስ ዶሜስቲከስ ነው። ዋናው የዘር ምንጩ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የቤት ዶሮ ናቸው ከሚባሉት አጥንቶች ጥንታዊዎቹ የተገኙት በታይላንድ ባን ኖን ዋት በተባለ ቦታ ሲሆን፣ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል።

በኢትዮጵያ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረችው መዝበር የምትባል የትግራይ የገበሬ መንደር በቁፋሮ ስትጠና የዶሮ አጥንቶች ተገኝተዋል። አጥንቶቹ በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ጊዜ የሚመደቡ ስለሆኑ በአፍሪካ ከሚታወቁት ጥንታዊ የዶሮ ቅሪቶች መካከል ናቸው።

የውጭ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ በተደራጀ መልክ መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማና በዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች አማካይነት ነው። ከእነዚህ መካከል ሮድ አይላንድ ሬድ እና ኋይት ሌግሆርን ይገኙበታል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻ በተደረጉ አገር አቀፍ የናሙና ጥናቶች መሠረት ከ50 እስከ 60 ሚሊዮን ከሚገመተው የአገሪቱ ዶሮ አብዛኛው አሁንም የአገር ዶሮ ነው።

## የአውራ ዶሮ አካልና ጠባይ

አውራ ከሴቷ የሚለየው በአካል ትልቅነቱ፣ በራሱ ላይ ባለውና ከመንቆሩ ሥር በሚንጠለጠለው ትልቅ ቀይ ሥጋ፣ በአንገቱና በወገቡ ላይ ባሉት ሹል ላባዎች፣ በቀለበሱት የጅራት ላባዎቹ እንዲሁም በእግሩ ኋላ በሚያድገው ሹል እሾህ ነው። በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ብዙ የደም ሥር ስላለው የአካልን ሙቀት ለማውጣት ይረዳል። ሥጋው ከገረጣ ወይም ከጠቆረ ብዙ ጊዜ የሕመም ምልክት ነው።

### ጩኸት

ወንዶች ጫጩቶች መጮህ የሚሞክሩት በአብዛኛው በሦስትና በአራት ወር ዕድሜያቸው ነው። አውራ ጎሕ ሳይቀድ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ብቻ አይደለም። በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አውራዎችን በማይለዋወጥ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አቆይተው ተከታትለዋቸው ነበር፤ አውራዎቹ ንጋትን ሳያዩም በግምት በየ24 ሰዓቱ መጮሃቸውን ቀጥለዋል። ይህም ጩኸቱ በውስጣዊ የአካል ሰዓት እንደሚመራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ብዙ አውራዎች አብረው ሲኖሩ ንጋት ላይ ቀድሞ የሚጮኸው በማዕረግ የበላይ የሆነው እንደሆነና ሌሎቹ በየደረጃቸው እንደሚከተሉት ታውቋል።

### ማዕረግ

ዶሮዎች በመካከላቸው የበላይና የበታች አላቸው። ይህንን ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የገለጸው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ ሲሆን፣ ጥናቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። የበላይዋ ዶሮ ቀድማ ትበላለች፣ ከቆጡም የተሻለውን ቦታ ትይዛለች፤ የበታቿ ብትቀድማት በመንቆሯ ትነክሳታለች። አዲስ ዶሮ በመጣ ቁጥር ይህ ሥርዓት ስለሚናጋ ለጥቂት ቀናት ጠብ ይበዛል።

### ጥበቃ

አውራ ጥሬ ወይም ትል ሲያገኝ ራሱ ከመዋጥ ይልቅ እያነሳና እየጣለ በተለየ ድምፅ ሴቶቹን ሊጠራ ይችላል። ጭልፊት ከላይ ሲመጣና ውሻ ወይም ድመት በምድር ሲመጣ የሚያሰማው የማስጠንቀቂያ ድምፅ የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን ሲሰሙ ዶሮዎቹ ከቁጥቋጦ ሥር ይደበቃሉ፤ ሁለተኛውን ሲሰሙ ደግሞ ቀና ብለው ዙሪያቸውን ይቃኛሉ።

## እርቢ

ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 12 ሴት ዶሮ ተስማሚ ቁጥር ነው፤ በተለምዶም ለ10 ሴት አንድ አውራ ይታሰባል። አውራዎች ከሚገባው በላይ ሲበዙ የሴቶቹ የጀርባ ላባ ይነቀላል፣ ቆዳቸው ይቆስላል፣ ሴቶቹም ከመኖ ይሸሻሉ። አውራ ሲያንስ ደግሞ የሚፈለፈለው ዕንቁላል ቁጥር ይቀንሳል።

ሴት ዶሮ ከአንድ ግንኙነት በኋላ የወንዱን ዘር በአካሏ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ማቆየት ትችላለች። በዚህ ምክንያት አውራ ሲቀየር የአሮጌው ልጆች ለተወሰነ ጊዜ መምጣታቸው አይቀርም። የአዲሱን አውራ ጫጩት የሚፈልግ ሰው አሮጌውን ካስወጣ በኋላ ለማስታቀፍ የሚሆን ዕንቁላል መሰብሰብ ያለበት ሦስት ሳምንት ያህል ጠብቆ ነው።

የጫጩቱን ጾታ የሚወስነው የእናቲቱ ዕንቁላል ነው። በዶሮ ሁለት ዓይነት የጾታ ክሮሞሶም ያላት ሴቷ ስትሆን፣ ወንዱ ያለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ይህም ከሰው ተቃራኒ ነው። ከዕንቁላሉ ቅርጽ ተነሥቶ ሹሉ ወንድ፣ ክቡ ሴት ይሆናል የሚለው በብዙ አገር የሚነገር ልማድ መሠረት የለውም። በአማካይ ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት ነው።

## ለዘር የሚቀረውን አውራ መምረጥ

ከተፈለፈሉት ግማሹ ወንድ ሆኖ ለመንጋው የሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት አውራ ብቻ ስለሆነ የቀሩት ይሸጣሉ ወይም ይታረዳሉ። ችግሩ የሚመጣው ከአሻሻጡ ነው። ገበያ ላይ ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው ፈጥኖ ያደገው፣ ደልዳላውና ላባው ያማረው አውራ ስለሆነ ቤተሰቡ ገንዘብ ሲያስፈልገው መጀመሪያ የሚይዘው እርሱን ነው። ግቢ ውስጥ የሚቀረው ገዢ ያላገኘው ቀጫጫው ይሆናል፤ የሚቀጥሉት ጫጩቶች አባትም እርሱ ነው። ይህ ለጥቂት ዓመታት ከተደጋገመ መንጋው ያለ በሽታና ያለ ረሃብ እንኳ እያነሰ ሊሄድ ይችላል።

መፍትሔው ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ለዘር የሚሆነው አውራ የበዓል ገበያ ከመድረሱ በፊት ተለይቶ በእግሩ ላይ የጨርቅ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ይታሰርለታል፤ ለገበያ የሚወጣው ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ነው። በምርጫው ጊዜ የሚታዩት ዋና ዋና ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

* እናቱ፦ ብዙ ዕንቁላል የምትጥል፣ በደንብ የምትታቀፍና ጫጩቶቿን የምታሳድግ መሆኗ። አውራው ራሱ ዕንቁላል ስለማይጥል በዚህ በኩል የሚታወቀው በእናቱና በእህቶቹ ነው።
* እድገቱ፦ ከእርሱ ጋር አንድ ጊዜ ከተፈለፈሉት ወንዶች ጋር ሲወዳደር ፈጥኖ ያደገ መሆኑ።
* ጤንነቱ፦ ዓይኑ የጠራ፣ እግሩ ቀጥ ያለ፣ መንቆሩ ያልተጣመመ፣ የደረት አጥንቱ ያልጎበጠ፣ አተነፋፈሱ ድምፅ የሌለው መሆኑ።
* ጠባዩ፦ ሴቶቹን የሚጠራና የሚጠብቅ፣ ሰውን ግን የማያጠቃ መሆኑ። ሰው ላይ የሚዘል አውራ በተለይ ለሕፃናት ዓይን አደገኛ ስለሆነ ለዘር አይመከርም።

### የዘመድ እርቢ

አንድ አውራ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ከሴት ልጆቹ፣ ከዚያም ከልጅ ልጆቹ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ውጤቱም የሚፈለፈለው ዕንቁላል መቀነስ፣ የጫጩት ድካምና የእድገት ማነስ ነው። በሥነ ባሕርይ ውርስ ጥናት የአንድ መንጋ «ውጤታማ ቁጥር» የሚሰላው ወንዶቹንና ሴቶቹን አባዝቶ፣ ውጤቱን በ4 አባዝቶ፣ ለድምራቸው በማካፈል ነው።

* 1 አውራና 10 ሴት፦ 4 × 1 × 10 ÷ 11 = 3.6
* 2 አውራና 10 ሴት፦ 4 × 2 × 10 ÷ 12 = 6.7

11 ዶሮ ያለው መንጋ ከዘመድ እርቢ አንጻር አራት የማይሞሉ ወፎች እንዳሉት ይቆጠራል ማለት ነው። አንድ አውራ ብቻ ሲጨመር ቁጥሩ ወደ እጥፍ ሲጠጋ፣ አንዲት ሴት ዶሮ ብትጨመር ግን ለውጡ ኢምንት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ከውጭ ምንም ዶሮ ለማይገባበት ዝግ መንጋ ነው። በገጠር የጎረቤት አውራዎች ስለሚቀላቀሉ ችግሩ ይቀንሳል፤ በታጠረ የከተማ ግቢ ግን ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ አውራን ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ መቀየር፣ ወይም ዘመድ ካልሆነ የጎረቤት መንጋ ጋር መለዋወጥ ይመከራል።

## ማስታቀፍና ጫጩት ማሳደግ

የአገር ሴት ዶሮ በአንድ ዙር ከ12 እስከ 20 የሚደርስ ዕንቁላል ጥላ መታቀፍ ትፈልጋለች። በዓመት ሦስት ወይም አራት ዙር ስለምትጥል፣ ብዙ እንክብካቤ በሌለበት ሁኔታ ዓመታዊ ምርቷ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዕንቁላል ነው። ለዚህ ማነስ አንዱ ምክንያት በምትታቀፍበትና ጫጩት በምታሳድግበት ጊዜ መጣል ማቆሟ ነው።

ለማስታቀፍ የሚመረጠው መካከለኛ መጠን ያለው፣ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ ዕንቁላል ነው። ከተጣለ ከ7 እስከ 10 ቀን ያልበለጠው የተሻለ ይፈለፈላል። እስከዚያ ድረስ ዕንቁላሉ ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ቦታ፣ ሰፊው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ በብዙ ቤቶች እህል ውስጥ ይቀበራል። ከአንዲት የአገር ዶሮ ሥር ከ10 እስከ 13 ዕንቁላል ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ዳር ላይ ያሉት ስለሚቀዘቅዙ ሊበላሹ ይችላሉ።

ዕንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው። ከሰባተኛው እስከ ዐሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ጨለማ ቤት ውስጥ በእጅ ባትሪ ሲታይ የደም ሥር የሚታይበት ዕንቁላል ሕይወት አለው፤ ምንም የማይታይበት ጥርት ያለው ግን ዘር አልያዘም። ከብዙ እናቶች ሥር ያሉት አብዛኞቹ ዕንቁላሎች ጥርት ካሉ ጥርጣሬው ወደ አውራው ይዞራል፤ አውራው አርጅቶ፣ ታሞ ወይም ለብዙ ሴቶች ብቻውን ሆኖ ሊሆን ይችላል።

| ጊዜ | የሚሆነው | ትኩረት |
|---|---|---|
| 1ኛ–21ኛ ቀን | እናቲቱ ትታቀፋለች | ውኃና ጥሬ በአጠገቧ፣ ጸጥታ |
| የመጀመሪያው ሳምንት | ጫጩት ራሱን ማሞቅ አይችልም | ከእናት ጋር በደረቅ ቤት ማቆየት |
| 2ኛ–8ኛ ሳምንት | ላባ ያወጣል | ከጭልፊት መጠበቅ፣ የተፈጨ መኖ፣ ክትባት |
| 3ኛ–4ኛ ወር | ወንዱ ይጮኻል | ወንዶቹን ማወዳደር መጀመር |
| 6ኛ–7ኛ ወር | ቄቧ ትጥላለች፣ አውራው ይደርሳል | ለዘር መለየት፣ የቀረውን መሸጥ |

በነፃ በሚሰማራ መንጋ ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው መሞታቸው የተለመደ ነው። ይህ ኪሳራ ምን ያህል እንደሆነ በምሳሌ ማየት ይቻላል። አምስት እናቶች በዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ ታቅፈው በየጊዜው 10 ጫጩት ቢፈለፍሉ በድምሩ 100 ጫጩት ይሆናል። ግማሹ ቢሞት 25 አውራና 25 ቄብ ይቀራል። የሚሞተው 30 ብቻ ቢሆን ግን 35 አውራና 35 ቄብ ይገኛል። አንዲት ዶሮ ሳትገዛ፣ አንድ ዕንቁላል ሳይጨመር 20 ወፍ ተረፈ ማለት ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫጩቶችን ከነእናታቸው በቅርጫት ወይም በሽቦ በተሠራ መጠለያ ሥር ማቆየት ሞትን ይቀንሳል። እናት ለሌላቸው ጫጩቶች በኢትዮጵያ የተዋወቀ ቀላል ዘዴ ዙሪያው በጭድ የተሞላ የእንጨት ሣጥን ነው። ጭዱ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ስለሚይዝ መብራትም ሆነ ከሰል አያስፈልግም። በመብራት የሚያሳድግ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርጎ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ጫጩቶቹ ተጨናንቀው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ከመብራቱ ርቀው አፋቸውን ከከፈቱ ደግሞ ሞቋቸዋል።

## መኖና ውኃ

የጓሮ ዶሮ ከግቢ ውስጥ ትል፣ ምስጥ፣ ነፍሳት፣ ዘርና ቅጠል ጭራ ትለቅማለች። ይህ በተለይ በክረምትና በመኸር ሰሞን ብዙ ፕሮቲን ይሰጣታል። በበጋ የሚለቀመው ስለሚቀንስ ተጨማሪ መኖ ያስፈልጋል። እንደ በቆሎ፣ ማሽላና ገብስ ያለ እህል ጉልበት ይሰጣል፤ ፉርሽካ መኖውን ያበዛል፤ የኑግ ወይም የተልባ ፋጉሎ ፕሮቲን ይጨምራል። እህል ብቻ የሚበላ ጫጩት በፕሮቲን እጥረት እድገቱ ይዘገያል።

የምትጥል ዶሮ ለቅርፊቱ ብዙ ካልሲየም ትፈልጋለች። ተቀቅሎ ደርቆ የተፈጨ የዕንቁላል ቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት በተለየ ዕቃ ሲቀመጥላት እንደ ፍላጎቷ ትለቅማለች። አውራ ይህን ያህል ካልሲየም ስለማያስፈልገው ከዋናው መኖ ጋር አለመቀላቀሉ የተሻለ ነው። ሻጋታ የያዘ እህል አፍላቶክሲን የተባለ የጉበት መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ለዶሮ መስጠት አይገባም።

ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ መኖር አለበት። ዶሮ ከምትበላው መኖ በክብደት እጥፍ የሚሆን ውኃ ትጠጣለች፤ ለጥቂት ሰዓታት ውኃ ብታጣ እንኳ የምትጥለው ዕንቁላል ሊቀንስ ይችላል።

## ማደሪያ

ዶሮዎች ቀን ቢሰማሩም ሌሊት የሚያድሩበት የተዘጋ ቤት ያስፈልጋቸዋል። በብዙ ቦታ ዶሮዎች ከሰው ጋር በአንድ ቤት በቆጥ ላይ ያድራሉ፤ ሆኖም አቧራውና ኩሱ ለጤና ስለማይበጅ የተለየ ቤት ይመረጣል። ለሌሊት ብቻ ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ይበቃል። ቤቱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ አየር ግን የሚያዘዋውር መሆን አለበት። ለአንድ ዶሮ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የቆጥ ርዝመት፣ ለአራት ወይም ለአምስት ሴቶች ደግሞ ጭድ የተነጠፈበት አንድ የመጣያ ሣጥን ያስፈልጋል።

ሌሊት የሚመጡት ዋና ጠላቶች ሸለምጥማጥና የዱር ድመት ሲሆኑ፣ ቀን ጭልፊትና ውሻ ናቸው። አውራ ማስጠንቀቅ ቢችልም ሌሊት በቆጥ ላይ ስለማያይ መከላከል አይችልም። ከተቆለፈ በርና ከጠባብ ሽቦ የሚበልጥ ጥበቃ የለም።

## በሽታ

በኢትዮጵያ የጓሮ ዶሮን በብዛት የሚፈጀው በሽታ በሕዝብ ዘንድ «ፈንግል» የሚባለው የኒውካስል በሽታ ነው። በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን፣ ምልክቶቹ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የክንፍና የእግር መዝለፍለፍ፣ የአንገት መጠምዘዝና ድንገተኛ ሞት ናቸው። ክትባት በሌለው መንጋ ውስጥ ከገባ በጥቂት ቀናት አብዛኛውን ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሾፍቱ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የዚህን በሽታ ክትባቶች ያመርታል። ከእነዚህ መካከል ሙቀትን የሚቋቋመውና ለጓሮ ዶሮ የሚመቸው ክትባት በዓይን ላይ አንድ ጠብታ በማድረግ ይሰጣል። ክትባቱ የሚሰጠው ለጤነኛ ዶሮ ሲሆን፣ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። የአንድ ጠርሙስ ክትባት ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ተሰባስበው ቢያስከትቡ ወጪውም ይቀንሳል፣ መንደሩም አብሮ ይጠበቃል።

በሽታው በአብዛኛው የሚዛመተው በሰው እንቅስቃሴ ነው። ሕመም ሲጀምር «ሳይሞቱ ልሽጣቸው» ብሎ ወደ ገበያ መውሰድ በሽታውን ወደ ሌሎች መንደሮች ያደርሳል። ገበያ ውሎ ሳይሸጥ የተመለሰ አውራም ቤት ያሉትን ሊበክል ይችላል። ስለዚህ አዲስ የተገዛ፣ የተለዋወጠ ወይም ከገበያ የተመለሰ ዶሮ ለሁለት ሳምንት ተለይቶ ይቆያል። የሞተው ደግሞ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል እንጂ ለውሻ አይጣልም።

ሌሎች የተለመዱ ችግሮች የሚከተሉት ናቸው።

* ኮክሲዲዮሲስ፦ በተለይ እርጥብ ቤት ውስጥ ያሉ ጫጩቶችን የሚያጠቃ፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣ በሽታ ነው። ጉዝጓዙን ደረቅ ማድረግ ይከላከለዋል።
* የዶሮ ፈንጣጣ፦ በፊትና በራስ ላይ ቁስል የሚያወጣ፣ በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው።
* ቅማልና ቁንጫ፦ ዶሮዎች አፈር ላይ እየተንከባለሉ ራሳቸውን ያጸዳሉ። በደረቅ ጉድጓድ ውስጥ አመድና አፈር ማድረግ ይረዳቸዋል።

የዶሮ ኩስ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ሰውን የሚያሳምሙ ተሕዋስያን ሊይዝ ስለሚችል ዶሮ ወይም ዕንቁላል ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

## ገበያና የቤተሰብ ኑሮ

የዶሮና የዕንቁላል ገበያ ከበዓላትና ከአጽዋማት ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ወራት ሥጋና ዕንቁላል ስለማይበላ ፍላጎቱ ይቀንሳል። በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ግን የአውራ ዋጋ ይንራል። አውራ ለገበያ የሚደርሰው በስድስት ወር ገደማ ስለሆነ፣ ለፋሲካ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ዕንቁላሉን ማስታቀፍ ያለበት በመስከረም አካባቢ ነው። በገበያ ቀይ ላባ ያለው አውራ ብዙ ጊዜ ከጥቁሩ ይልቅ ይወደዳል፤ ይህም ከሥጋው ጥራት ሳይሆን ከልማድ የመጣ ነው።

ዶሮ በትንሽ ገንዘብ የሚጀመር ሀብት ነው። ብዙ ቤተሰቦች ከዕንቁላልና ከአውራ ሽያጭ የጨው፣ የሳሙናና የደብተር ወጪ ይሸፍናሉ፤ ሲያጠራቅሙም በግ ወይም ፍየል ይገዛሉ። ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ በሴቶች እጅ ስለሚገባ አንድ የፈንግል ወረርሽኝ የሚወስደው ዶሮዎቹን ብቻ ሳይሆን እናቲቱ ራሷ የምታዝበትን ብቸኛ ገቢም ሊሆን ይችላል።

## ዝርያ ማሻሻል

የአገር ዶሮ ምርቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ለቅሞ ማደር፣ መታቀፍ፣ ጫጩት ማሳደግና ከጠላት ማምለጥ ያውቃል። ለዕንቁላል ብቻ የተዳቀሉት እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ ዶሮዎች በዓመት 300 ገደማ ዕንቁላል ሊጥሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን የተመጣጠነ መኖና ጥብቅ የጤና ክትትል ይፈልጋሉ፣ እምብዛምም አይታቀፉም። እነዚህ ድቅሎች ስለሆኑ ልጆቻቸው የእናታቸውን ምርት ሙሉ በሙሉ አይወርሱም። ስለዚህ ከእነርሱ የተገኘ አውራን ለዘር ማስቀረት የሚጠበቀውን ውጤት ላያመጣ ይችላል።

ሌላው መንገድ የአገሩን ዶሮ ራሱን ማሻሻል ነው። በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 በሆሮ ዶሮ ላይ የተጀመረው ፕሮግራም በየትውልዱ በእድገትና በዕንቁላል ምርት የበለጡትን እየመረጠ ለወላጅነት ያስቀራል። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የተመራው የአፍሪካ የዶሮ ዘር ማሻሻያ ፕሮግራምም በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በናይጄሪያ ለአነስተኛ ገበሬ የሚስማሙ ዝርያዎችን በገበሬው ግቢ ውስጥ ፈትኗል። የሆሮው ፕሮግራም የሚመራበት ሐሳብ በአንድ ግቢ ጥሩውን አውራ ከገበያ ከማስቀረት ሐሳብ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመንጋው ብዛትና የመዝገቡ ጥራት ነው።

## በባህል

የአውራ ጩኸት ሰዓት ባልነበረበት ዘመን የሌሊቱ መለኪያ ነበር። «ዶሮ ሲጮህ» የሚለው አነጋገር ዛሬም ከንጋት በፊት ያለውን ሰዓት ያመለክታል። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለው ተረትም ማንም የሚያስበው የሚፈልገውን እንደሆነ ለመግለጽ ይነገራል።

የበዓል ዶሮ ወጥ በባህሉ በ12 ብልት ተቆራርጦ ከተቀቀለ ዕንቁላል ጋር ይሠራል። ብልቶቹን ሳያበላሹ መለየት ከባለሙያነት መለኪያዎች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ማረዱ በልማድ የወንድ፣ መገነጣጠሉና ማጠቡ ደግሞ የሴት ሥራ ሆኖ ቆይቷል።